ተስፋ ቡድኖች ወደ ታችኛው ሊግ ዋንጫ ይግቡ ወይስ ይቅሩ?

ጣርማበር፦
ሰላም የኳስ ወዳጆች። የዞናችን ክለቦች ዋንጫ በተነሳ ቁጥር «የትልልቆቹን ክለቦች ተስፋ ቡድኖች ብንጋብዝ ፉክክሩ ይደምቃል» የሚል ሐሳብ አብሮ ይነሳል። ምሳሌ የሚጠቀሰው ኢኤፍኤል ትሮፊ፣ የእንግሊዝ የታችኛው ሊግ ክለቦች ዋንጫ ነው፤ እዚያ ግን ደጋፊው አምርሮ ተቃውሞታል። ተቃውሞው በትክክል ምን ላይ ነበር? ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት ባሉት ሜዳዎች ቢሞከርስ ደንቡ ላይ ምን ካልተጻፈ ይበላሻል?

የበረሳ ልጅ፦
ተቃውሞው ልጆቹ ላይ አልነበረም። ዋንጫው በ1983/84 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሲጀመር ለሦስተኛና ለአራተኛ እርከን ክለቦች ብቻ ነበር፤ ለብዙዎቹ ብሔራዊ ስታዲየሙን ዌምብሌይን ለመርገጥ ከዚህ የቀረበ መንገድ የለም። በ2016/17 በ48ቱ ክለቦች ላይ 16 የአካዳሚ ቡድኖች ተጨምረው 64 ሆኑ። ደጋፊው የፈራው ቀጥሎ የሚመጣውን ነው። በ2014 የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ኮሚሽን ሁለተኛ ቡድኖች የሚገቡበት አዲስ የሊግ እርከን ይቋቋም ብሎ ሐሳብ አቅርቦ ስለነበር፣ «ዛሬ ዋንጫው፣ ነገ ሊጉ» ያሉት ከመሬት ተነስተው አይደለም። አርሰናልንና ማንችስተር ዩናይትድን የመሳሰሉት ግብዣውን ሳይቀበሉ ሲቀሩ ቦታቸው በቻምፒየንሺፕ (በሁለተኛው እርከን) ክለቦች አካዳሚ ተሞላ።

ይበልጥ ያንገበገባቸው ግን የአሰላለፍ ደንቡ ነው። «ለወጣቶች ዕድል» ተብሎ በተከፈተ ውድድር የታችኛው ሊግ ክለቦች ከቋሚ 11 ውስጥ ቢያንስ 5 ዋና ተጫዋቾች እንዲያሰልፉ ተገደዱ። ሉተን የራሱን ወጣቶች በማሰለፉ 15,000 ፓውንድ ተቀጣ፤ ፖርትስመዝም ያንኑ ያህል። ብራድፎርድ ደንቡን ለማሟላት ዋና በረኛውን አሰልፎ በ3ኛው ደቂቃ ቀየረው። የሌላ ክለብ ልጅ ተጋብዞ የራሱ ከተማ ልጅ ቅጣት ሲያስከትል እያየ ማን ትኬት ይቆርጣል? ስለዚህ እኛ ጋ የመጀመሪያው አንቀጽ ይሄ ይሁን፦ ለእንግዳው የተፈቀደ ወጣት የማሰለፍ መብት ለባለሜዳውም ያለ ቅጣት ይፈቀድ።

መንዝ 10 ቁጥር፦
በደንቡ እስማማለሁ። ግን ዋንጫው ሞቷል ማለት አይቻልም፤ የ2017ቱን ፍጻሜ፣ ኮቨንትሪና ኦክስፎርድ የተገናኙበትን፣ 74,434 ሰው አይቶታል፤ የ2019ኙን የፖርትስመዝና የሰንደርላንድ ደግሞ 85,021። ባዶ የሚቀረው የምድብ ጨዋታው ነው፤ ከአራት ሁለት ስለሚያልፉ አንድ ሽንፈት ብዙም አይጎዳም። ምድብ ቀርቶ ከመጀመሪያው ጥሎ ማለፍ ይሁን።

የሌላ አገር ልምድም አለ። በ1980 የሪያል ማድሪድ ሁለተኛ ቡድን ካስቲያ ለስፔን ንጉሥ ዋንጫ (ኮፓ ዴል ሬይ) ፍጻሜ ደርሶ በራሱ ዋና ቡድን 6 ለ 1 ተሸነፈ። በ1993 የሄርታ በርሊን ሁለተኛ ቡድን የጀርመን ዋንጫ ፍጻሜ ላይ በሌቨርኩሰን 1 ለ 0 ተረታ። ሁለቱም አገሮች በኋላ ለሁለተኛ ቡድኖች በሩን ዘግተዋል።

ይፋት፦
ወንድሜ መንዝ፣ በጥሎ ማለፉ አልስማማም። እንደ መሐል ሜዳና ዓለም ከተማ ካሉ ከተሞች የሚመጣ ቡድን ለአንድ ጨዋታ ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ ከተሸነፈ ወጪውን በምን ይመልሳል? በ4 ቡድን ምድብ አንድ እንግዳ ብቻ ይግባ፤ እንደ እንግሊዞቹም እንግዳው የምድብ ጨዋታዎቹን ሁሉ ከሜዳው ውጪ ይጫወት። የመግቢያ ገቢው ለባለሜዳው ይቀራል፣ ሦስቱም ክለቦች እንግዳውን በየሜዳቸው ያስተናግዳሉ። አቻ ከሆነ ቀጥታ መለያ ምት፤ በ90 ደቂቃ ያሸነፈ 3፣ በመለያ ምት ያሸነፈ 2፣ በመለያ ምት የተሸነፈ 1 ነጥብ። ይህ የምድቡን መቀዝቀዝም በመጠኑ ይፈውሳል።

መብራት በሌለው ሜዳ የጨዋታው መጀመሪያ ከ9 ሰዓት አይለፍ። 90 ደቂቃው ከዕረፍትና ከባከነ ሰዓት ጋር 11 ሰዓት ሊደርስ ነው፤ መለያ ምቱ እስከ 25 ደቂቃ ይጨምራል። በአንድ ቀን ሁለት ጨዋታ ከተደረገ የመጀመሪያው 6 ሰዓት ተኩል ላይ ይጀመር፤ የመጀመሪያው ሲዘገይ ሁለተኛው ይጨልምበታል።

ከባዱ የተጫዋቾቹን ዕድሜ ማጣራት ነው። የእጅ አንጓ ኤምአርአይ (የአጥንቱን ዕድገት የሚያሳይ የሕክምና ምስል) የሚያገለግለው ከ17 ዓመት በታች ለሆኑት ነው፤ ከዚያ በኋላ አጥንቱ ስለሚገጥም የ19ኙንና የ23ቱን አይለይም። ከ20 ዓመት በታች ለሆነ ቡድን አዲስ የልደት ካርድ ብቻ አትቀበሉ፤ ልጁ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በፊት የተመዘገበበት የተጫዋች ካርድ ይምጣ፣ የጨዋታው ኮሚሽነርም ከጨዋታው በፊት ፎቶውን ከፊቱ ጋር ያስተያይ። ሲጠራጠር ጨዋታውን አያስቁም፤ ልጁን በክስ መዝገብ ያስመዝግብ፣ ውሳኔው በኋላ ይምጣ። ከዕድሜ በላይ የሚፈቀደው ሁለት ተጫዋች ይሁን። ለእንግዳው የተሰለፈ ልጅም በዚያው ዋንጫ ለዞን ክለብ በውሰት አይጫወት።

የከፍታውን ነገር ደግሞ አትርሱ። ሸዋ ሮቢት ወደ 1,300 ሜትር ነው፣ ደብረ ብርሃን ወደ 2,800። ከቆላ በዕለቱ ወጥቶ የሚጫወት ቡድን ከ60ኛው ደቂቃ በኋላ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ለሁሉም 5 ቅያሪ ይፈቀድ።

ጣርማበር፦
አመሰግናለሁ፣ ብዙ ነገር ጠራልኝ። አንድ ቀረኝ፦ እንግዳው ምድቡ መሐል ላይ «ልጆቹ ፈተና አለባቸው» ብሎ ቢቀርስ?

ይፋት፦
የቀረበት ጨዋታ 3 ለ 0 ይመዝገብ፤ ሁለተኛ ከደገመ የተጫወታቸው ሁሉ ይሰረዙ። ካልተሰረዙ በጊዜ ገጥሞት የተሸነፈው ክለብ፣ በፎርፌ 3 ነጥብ ካገኘው ጋር አይስተካከልም። እንግዳው ማስያዣ ገንዘብም ከዕጣው በፊት ይክፈል፤ ካልመጣ ለባለሜዳው ለሜዳ ዝግጅትና ለዳኛ አበል ይዋል።

የበረሳ ልጅ፦
የፈተናውን ቀን ደግሞ መርሐ ግብሩ ሳይወጣ ጠይቃችሁ ያዙ።