ኤዲኤችዲ ላለበት ልጅ ቡና?

የናቲ እናት፦ ልጄ 8 ዓመቱ ነው፤ ኤዲኤችዲ (ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር) አለበት ተብሏል። የቤት ሥራ ሲባል እርሳስ ማኘክ፣ ከወንበር መውረድ። መድኃኒቱን ፈራሁት። አክስቴ «በረካውን ስጪው፣ ይሰክናል» ትላለች። የሞከረ አለ?

ሚጡ፦ የእህቴ ልጅ ሞክሮታል። ማታ ዓይኑ ፍጥጥ! ጠዋት ጭራሽ ባሰበት።

ነርሷ፦ የአክስትሽ ሐሳብ ከመሬት የተነሳ አይደለም፤ ቡና ውስጥ ያለው ካፌይንም፣ የኤዲኤችዲ መድኃኒት የሆነው ሜቲልፌኒዴትም አነቃቂ ናቸው። ግን ካፌይን ለዚህ ደካማ ነው። በረካ ቀጠነ ማለት ካፌይን የለውም ማለት አይደለም፤ በስኒ ስንት እንዳለ ማን ለክቶ? በአዋቂ እንኳ ከተጠጣ 5 ሰዓት ገደማ አልፎትም ግማሹ ገና ደም ውስጥ ነው። ከመድኃኒቱ ጋር ሲደረብ ደግሞ ልብ ያስመታል። ፍርሃትሽን ለሐኪሙ ንገሪው።

የናቲ እናት፦ እሺ እህቴ። መድኃኒቱ ምግብ ይዘጋል የሚሉትስ?

ነርሷ፦ ብዙዎቹን ይዘጋል። ቁርሱን አብልተሽ ስጪው።