በግ የላጠው የአፕል ዛፍ አምስት ወር ለምልሞ ለምን ደረቀ?

የባሶናው (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ በሚገኘው የወላጆቼ ጓሮ፣ አባቴ ከአምስት ዓመት በፊት የተከላቸው ሁለት የአፕል ዛፎች ነበሩ። በሰኔ መጀመሪያ ከበረት ያመለጡ በጎች የአንደኛውን ዛፍ ልጥ ከጉልበት ዝቅ ብሎ፣ ስንዝር በሚያህል ስፋት ዙሪያውን ግጠው ነጩን እንጨት ብቻ አስቀሩት፤ ሁለተኛውን የነካኩት ግን በአንድ ወገን ብቻ ነው። አባቴ ቁስሉን በጭቃና በእበት ለቅልቆ በጨርቅ ጠቀለለው። ጎረቤቶቻችን «ውሃ የሚወጣው በልጡ ስለሆነ ሳምንት አይቆይም» ብለው ነበር፤ ዛፉ ግን ክረምቱን ሙሉ እንደለመለመ ከረመ። ከቁስሉ በላይ ያለው ግንድ ቋጠሮ መስሎ አበጠ፤ ፍሬዎቹም ከጓደኛው ቀድመው በሰሉ፣ ከሌላው ጊዜ ይልቅም ጣፈጡ። ድኗል ብለን ደስ ባለን ጊዜ፣ ጥቅምት አጋማሽ ላይ ቅጠሉ ጠወለገና በኅዳር ደረቀ። በአንድ ወገን ብቻ የተላጠው ዛሬም ደኅና ነው። ውሃ በልጡ የሚወጣ ከሆነ እንዴት አምስት ወር ቆየ? በልጡ የማይወጣ ከሆነስ በመጨረሻ ምን ገደለው?

መምህር ከደብረ ሲና

ዛፍዎ የሞተው በጥም ሳይሆን በረሃብ ነው፤ የተራበውም ቅጠሉ ሳይሆን ሥሩ ነው። በትምህርት ቤት ዛይለምና ፍሎየም እያልን የምናስተምራቸው ሁለት መንገዶች በግንዱ ውስጥ የተለያየ ቦታ አላቸው። ውሃና በውሃው የሟሟው ማዕድን ከሥር ወደ ቅጠል የሚወጣው በዛይለም ማለትም በእንጨቱ፣ በተለይም ከልጡ ቀጥሎ ባለው እርጥብና ነጣ ያለ ክፍል ነው። ቅጠሉ ያዘጋጀው ስኳር ወደ ሥር የሚወርደው ደግሞ በፍሎየም፣ ማለትም አጥር ለማሰር ከምንልጠው ልጥ በውስጠኛው ገጽ በኩል ነው። በጎቹ የበሉት ይህን መንገድ ሲሆን፣ ወደ ላይ የሚወስደውን አልነኩትም፤ ስለዚህ ቅጠሉ ውሃውን እያገኘ ሥራውን ቀጠለ።

ያዩት እብጠት የዚህ ምስክር ነው። ወደ ታች ሊወርድ የነበረው ስኳር መንገዱ ስለተቆረጠበት ከቁስሉ በላይ ተጠራቀመ፤ ፍሬዎቹም ከሥሩ ድርሻ ተጨምሮላቸው ቀድመው በሰሉ። ጣሊያናዊው ማልፒጊ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የዛፎችን ልጥ እንደ ቀለበት እየላጠ ያስተዋለው ይኸንኑ እብጠት ነበር። ሥሩ ግን ከመሬት በታች ብርሃን ስለሌለው ለራሱ ስኳር ማዘጋጀት አይችልም። ክረምቱን ያሳለፈው በውስጡ ያከማቸውን ስታርች እየበላ ነው፤ ያ ሲያልቅ ውሃ የሚመጥጡት ቀጫጭን የሥር ጸጉሮች ሞቱ። ዝናቡ ቆሞ የጥቅምት ነፋስ ሲመጣ ቅጠሉ የሚፈልገውን ውሃ የሚያቀርብለት ሥር አልቀረም። ሁለተኛው ዛፍ የዳነው በቀረው ልጥ በኩል ስኳሩ መውረዱን ስላላቋረጠ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙዎቻችን ማዳበሪያን የተክል ምግብ እንለዋለን፤ አነጋገሩ ልማድ ሆኖ እንጂ ተክል ጉልበት የሚያገኘው ከማዳበሪያ አይደለም። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ክሎሮፊል የተባለ አረንጓዴ ቀለም የፀሐይን ብርሃን ይይዛል፤ በዚያ ጉልበት ውሃና ከአየር የተወሰደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተዋሕደው ስኳር ይሆናሉ፣ ኦክስጅንም ይወጣል። ናይትሮጅኑ፣ ፎስፈረሱና ሌላው ማዕድን ይህ ሥራ የሚሠራበትን ዕቃ ለመገንባት የሚያስፈልጉ ናቸው።

ባለ ፓምፑ

መምህር፣ ስለ ልጡ የተናገሩት ገብቶኛል፤ ስለ እንጨቱ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። እኔ በሸዋ ሮቢት ቆላ የመስኖ ፓምፕ እተክላለሁ። ፓምፕ ከላይ ሆኖ ውሃን ሲስብ በባሕር ወለል ላይ እንኳ ከ10 ሜትር አያልፍም፤ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው የአየር ክብደት ነውና። ከፍታዋ 2,800 ሜትር ገደማ በሆነችው በደብረ ብርሃን አየሩ ስለሚሳሳ፣ ስሌቱ ወደ 7 ሜትር ይወርዳል። ታዲያ እዚያው ከተማ ዳር ያለው 30 ሜትር የሚሆን ባሕር ዛፍ ሞተር ሳይኖረው ጫፉ ድረስ እንዴት ያደርሰዋል? ሥሩ ነው የሚገፋው?

መምህር ከደብረ ሲና

ሥሩ መግፋቱንስ ይገፋል፤ ግን ጥቂት ነው። ማለዳ በገብስ ቅጠል ጫፍ ላይ ተንጠልጥላ የምትታየው የውሃ ጠብታ ሁልጊዜ ጤዛ አይደለችም፤ ሌሊት ሥሩ ገፍቶ ያወጣት ልትሆን ትችላለች። ለገብስ ቁመት ይህ ይበቃል፣ ለባሕር ዛፍ ግን አይበቃም። ትልቁ ኃይል ያለው ከላይ ነው። ቅጠሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለማስገባት ስቶማታ የተባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎቹን ሲከፍት ውሃ ይተንበታል፤ የተነነው ውሃ ከኋላው ያለውን ይስባል፣ ያም ቀጣዩን። የውሃ ቅንጣቶች እርስ በርሳቸው አጥብቀው ስለሚያያዙ፣ የዛይለሙም ቱቦዎች እጅግ ቀጫጭን ስለሆኑ፣ ከሥር እስከ ጫፍ ያለው ውሃ እንደ ተወጠረ ገመድ ሳይበጠስ ይጎተታል። የእርስዎ ፓምፕ አየር ካልገፋለት አይሆንለትም፤ ዛፉ ግን ውሃውን ራሱን ይጎትታል። ዲክሰንና ጆሊ የተባሉ ሁለት ሳይንቲስቶች ይህን ሐሳብ በ1894 በፈረንጆች አቆጣጠር አቅርበውታል። ለዚህ ሥራ የሚከፍለው ፀሐይ ስለሆነ ዛፉ ከስኳሩ የሚያወጣው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

የጅሩ ሰው

በግብርና ሙያ የቆየሁ ነኝ። ከመምህሩ ጋር እስማማለሁ፤ ሆኖም ሥር ስኳር ብቻ ሳይሆን ኦክስጅንም እንደሚያስፈልገው ካልተጨመረ ነገሩ ጎደሎ ይሆናል። ሥር ስኳሩን በኦክስጅን አቃጥሎ ጉልበት ያወጣል፤ በዚያም ጉልበት ናይትሬትንና ሌላውን ማዕድን ከአፈሩ እየመረጠ ያስገባል። በእኛ በጅሩ ጥቁር አፈር ሐምሌ ላይ ውሃ ሲተኛበት ስንዴው የሚቢጫው ለዚህ ነው፦ ውሃው የአፈሩን ቀዳዳ ሞልቶ አየሩን ስለሚያስወጣ ሥሩ ይታፈናል፤ ማዳበሪያ አጠገቡ እያለ መውሰድ ያቅተዋል። የእነዋሪ ገበሬዎች ከጥንት ጀምሮ መደብ በእጃቸው እያበጁ ውሃውን በቦይ የሚያስወጡት ሥሩ እንዲተነፍስ ነው።

ስለ አፕሉ፦ ልጡ ዙሪያውን እንደተበላ ቢደረስበት ኖሮ ሊድን ይችል ነበር። ከራሱ ከዛፉ ቀጫጭን ቅርንጫፎች ተቆርጠው፣ የታችኛው ጫፋቸው ከቁስሉ በታች፣ የላይኛው ከቁስሉ በላይ ከልጡ ሥር ገብቶ ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር፣ ከያዙ ለስኳሩ ድልድይ ይሆናሉ። ቅርንጫፉ ሲገባ አቅጣጫው መገልበጥ የለበትም። ጭቃና እበቱ ቁስሉ ፈጥኖ እንዳይደርቅ ይረዳ ይሆናል እንጂ የተቆረጠ መንገድ አይቀጥልም። አሁንስ ከቁስሉ በታች ያቆጠቆጠ ነገር የለም?

የባሶናው (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መልሳችሁን ካነበብኩ በኋላ ለአባቴ ደውዬ ነበር። ሁለት ቀንበጦች ከቁስሉ በታች ወጥተዋል፤ እርሱ ግን ዛፉን ነቅሎ ለማገዶ ሊያደርገው ነበር።

የጅሩ ሰው

አይንቀሉት። ቀንበጦቹ ችግኙ ከተዳቀለበት ቋጠሮ፣ ማለትም አፕሉ በሌላ ዝርያ ሥር ላይ ከተቀጠለበት ቦታ፣ በላይ የወጡ ከሆነ ያው የቀድሞው አፕል ናቸው፤ ጠንካራውን አስቀርተው ደረቁን ግንድ ከእርሱ በላይ ይቁረጡት። ከቋጠሮው በታች ከሆኑ ግን የመሠረቱ ዝርያ ስለሆኑ ፍሬያቸው ሌላ ነው፤ ሥሩ ግን አልሞተምና እንደገና ሊዳቀልበት ይችላል።

የባሶናው (ጠያቂ)

አንዱ ከቋጠሮው አራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ነው የወጣው። አባቴ ዛሬ ዙሪያውን በእሾህ አጥሮታል።