ለባሕር ዳርቻ ዕረፍት ልጅን ከትምህርት ማስቀረት ተገቢ ነው?

የሦስት ልጆች አባት፦ ቤተሰቤን ይዤ በአንዲት ትንሽ የባሕር ዳርቻ ከተማ አራት ሌሊት ለማሳለፍ ማሰብ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የዚያው ክፍል፣ የዚያው አልጋ ዋጋ እጥፍ ይሆናል፤ እሱንም ከወራት በፊት ያልያዘ አያገኘውም። ትምህርት ከመዘጋቱ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለን ብንሄድ ግን አቅሜ ይፈቅዳል። ልጆቹ የሚያመልጣቸው የሦስት ቀን ትምህርት ነው። ርእሰ መምህሩን ፈቃድ ብጠይቃቸው «ለሽርሽር ፈቃድ አንሰጥም» አሉኝ። በልጆቼ ሦስት ቀን ላይ የሚያዝዘው ማን ነው? እኔ ወይስ ትምህርት ቤቱ? «ታመዋል በልና አስቀራቸው» የምትሉኝ ካላችሁ ምክሩን አልፈልገውም፤ ባሕር ላሳያቸው ብዬ ውሸት አላስተምራቸውም።

መምህርት፦ አለመዋሸትዎን አከብራለሁ። መልሴ ግን የርእሰ መምህሩ መልስ ነው። እርስዎ የሚያዩት ሦስት ቀን ነው፤ እኔ የማየው ሠላሳ ልጆች በየተራ የሚወስዱትን ሦስት ሦስት ቀን ነው። ክፍልፋይ ባስተማርኩበት ሳምንት ከቤተሰቧ ጋር የሄደች ተማሪ ነበረችኝ። ስትመለስ አስርዮሽ ጀምረናል፣ ቀጥሎ መቶኛ መጣ፤ ልጅቱ ሁለት ወር ሙሉ መልሱን በግምት ስትጽፍ ከረመች። ወላጆቿ ዛሬም ድረስ ችግሩ ከየት እንደ መጣ አያውቁም።

አንድ ወጣት አባት፦ ባሕር ራሱ ትምህርት ቤት አይደለም እንዴ? ውኃው ሲሸሽና ሲመለስ በዓይኑ ያየ ልጅ የጨረቃን ስበት ከየትኛውም ሥዕል ይልቅ ይረዳዋል።

መምህርት፦ ይረዳዋል። ባሕሩ ግን ትምህርት ቤት ሲዘጋም ይሸሻል፣ ይመለሳል። ርካሽ በሆነበት ሳምንት ብቻ የሚያስተምር ባሕር አላውቅም።

የሁለት ልጆች እናት፦ መልሱ ያስቃል፤ የአባትየውን ችግር ግን አይነካም። ሀብታሙ በፈለገበት ጊዜ ይሄዳል፤ ደሃው ወይ ይዋሻል ወይ ይቀራል። እንግሊዝን ተመልከቱ። ልጁን ያለ ፈቃድ ለዕረፍት ያስቀረ ወላጅ ሊቀጣ ይችላል፤ ከእ.ኤ.አ. ነሐሴ 2024 ጀምሮ የመጀመሪያው ቅጣት በ21 ቀን ውስጥ ከከፈለ ለእያንዳንዱ ልጅ 80 ፓውንድ፣ ከዘገየ 160 ፓውንድ ነው። ታዲያ በዕረፍት ሰሞንና ከዚያ ውጭ ባለው ጊዜ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ከቅጣቱ ከበለጠ፣ ቤተሰቡ ቅጣቱን እንደ አንድ ተጨማሪ ወጪ ደምሮ ጉዞውን ይቀጥላል። ሕጉ የሚያስቆመው ያንን እንኳን መክፈል የማይችለውን ብቻ ነው።

የሕግ ባለሙያ፦ እዚያው አገር ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል። የዋይት ደሴት ነዋሪ የሆነ አንድ አባት እ.ኤ.አ. በ2015 ሴት ልጁን ለሰባት የትምህርት ቀናት ወደ ፍሎሪዳ ወሰዳት፤ ቅጣቱንም አልከፍልም አለ። ክርክሩ በአንዲት ቃል ላይ ነበር። ሕጉ ልጅ ትምህርቱን «በመደበኛነት» ይከታተል ይላል። አባትየው ልጄ ከዘጠና በመቶ በላይ ተገኝታለች፣ ይህ መደበኛ ካልሆነ ምን ሊባል ነው ብሎ ተከራከረ። የታችኞቹ ፍርድ ቤቶች ተቀበሉት። እ.ኤ.አ. በ2017 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቃሉ «የትምህርት ቤቱ ደንብ በሚያዝዘው መሠረት» ማለት ነው ብሎ ወሰነ። በዚህ ትርጉም ያለ ፈቃድ አንድ ቀን መቅረትም ጥፋት ነው። ውሳኔው ለእኔ አሳማኝ ነው፤ ደንብ ሁሉም ሰው በራሱ መቶኛ የሚለካው ከሆነ ደንብነቱ ይቀራል።

የሁለት ልጆች እናት፦ ፍርድ ቤቱ የፈታው ቃሉን ነው። እኛ የምንነጋገረው ፍትሑን ነው።

የባሕር ዳርቻ ሆቴል ሠራተኛ፦ እስካሁን ሁላችሁም በእንግዳ ወገን ቆማችሁ ነው የተናገራችሁት። እኔ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የእናንተን አልጋ ሳነጥፍ ኖሬያለሁ። በመጀመሪያ ስለ ዋጋው፦ ሆቴላችን ዓመቱን ሙሉ የሚከፍለውን ሁሉ የሚያገኘው ከአሥር ሳምንት ገቢ ነው። ከዚያ በኋላ መስኮቱን ነፋስና ጨው ሲበሉት፣ ቀለሙ ሲላጥ የሚያይ እንግዳ የለም። ስግብግብ ባለ ሆቴል የለም አልልም፤ አብሬው ሠርቻለሁ። ነገር ግን ዋጋውን የሚሰቅለው ሁሉም ሰው በአንድ ሳምንት መምጣቱ ነው።

ሁለተኛው ለአባትየው ነው። «በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» ይባላል። ከወቅቱ ውጭ ስትመጡ አልጋው ብቻ ሳይሆን ዳርቻውም ባዶ ነው። ዋናተኞችን የሚጠብቁት ነፍስ አዳኞች በብዙ ቦታ የሚቀጠሩት ለወቅቱ ብቻ ነው፤ ማማቸው ተዘግቶ፣ ባንዲራቸው ወርዶ ታገኙታላችሁ። ከዳርቻ ወደ ጥልቁ የሚጎትት ጠባብ የውኃ ጅረት አለ። ሞገዱ ወደ ዳርቻ ያመጣው ውኃ ወደ ባሕሩ የሚመለስበት መንገድ ስለሆነ፣ ከግራና ከቀኙ ማዕበል ሲሰበር እሱ ጸጥ ያለ ይመስላል፤ የማያውቅ ሰው ልጁን የሚያስገባው እዚያው ነው። የተያዘ ሰው ወደ ዳርቻ ለመዋኘት መታገል የለበትም፤ ይደክምና ይሰምጣል። ተንሳፍፎ እጁን እያወዛወዘ እርዳታ ይጥራ፤ ዋና የሚችል ከሆነ ደግሞ ዳርቻውን ተከትሎ ወደ ጎን ይዋኝ። ይህን ለሦስቱም ልጆች ከመነሣትዎ በፊት ይንገሯቸው።

ሦስተኛው የራሴ ቅሬታ ነው። ልጆቼ ባሕሩ አጠገብ ተወልደው በወቅቱ ከእኔ ጋር አንድ ቀን ተጫውተው አያውቁም፤ ትምህርት ሲዘጋ እኔ ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት ሥራ ላይ ነኝ። የኔዘርላንድ ሕግ ለእንደ እኔ ዓይነቱ ሰው መንገድ ትቷል፦ ሥራው በትምህርት ቤት ዕረፍት ጊዜ ዕረፍት እንዲወስድ የማይፈቅድለት ወላጅ ርእሰ መምህሩን አስፈቅዶ በዓመት አንድ ጊዜ እስከ አሥር የትምህርት ቀን ልጁን መውሰድ ይችላል፤ የትምህርት ዘመኑ የመጀመሪያ ሁለት ሳምንት ብቻ አይነካም። ዋጋ ስለ ረከሰ ብቻ ግን አይፈቀድም። እንግዲህ መምህርት፣ እኔንም «አይሆንም» ይሉኛል?

መምህርት፦ እርስዎን አልልም። እንዲህ ያለውን ፈቃድ እኔም እፈርምበታለሁ።

ጡረተኛ የታሪክ መምህር፦ ሁላችሁም የዕረፍቱን ሳምንት እንደ ተፈጥሮ ሕግ ቆጠራችሁት። በእንግሊዝ ላንክሻየር የጥጥ ፋብሪካ ከተሞች አንድ ከተማ ሙሉ ፋብሪካውን ለአንድ ሳምንት ይዘጋ ነበር። ማሽኑ ይጠገናል፣ የእንፋሎት ጋኑ ይጸዳል፣ ሕዝቡ በባቡር ወደ ባሕር ዳርቻዋ ከተማ ወደ ብላክፑል ይነጉዳል። ብልሃቱ ከተሞቹ ሳምንቱን መከፋፈላቸው ነበር። የአንዱ ከተማ ሰው ሲመለስ የጎረቤቱ ይሄዳል፤ በብዙ ቦታም ትምህርት ቤቶች ከፋብሪካው ጋር አብረው ይዘጉ ነበር። ብላክፑል በጋውን ሙሉ እንግዳ አላጣችም። ለሠራተኛው ገነት ነበር ማለቴ አይደለም። ሳምንቱ ደመወዝ ስለሌለው ሰዉ ዓመቱን ሙሉ ከየሳምንቱ ክፍያው እያዋጣ ያጠራቅም ነበር፤ ደመወዝ ያለው ዕረፍት በአገሪቱ ሕግ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። ፈረንሳይ በሁለት ዓመት ቀድማ ሁለት ሳምንት ሰጥታ ነበር።

ስለዚህ አባትየው ከርእሰ መምህሩ ጋር የሚጣላው በከንቱ ነው። ሁለቱንም ያጣላቸው የቀን መቁጠሪያው ነው። ጀርመን የበጋ ዕረፍቷን በየክፍለ ግዛቱ ታፈራርቃለች። ፈረንሳይ የክረምትና የፀደይ ዕረፍቷን በሦስት ቀጠና ከፍላለች። ኔዘርላንድም ሦስት ክልል አላት። ሁሉም ከመጋፋት ተራ መያዝን መርጠዋል።

መምህርት፦ መምህሬ፣ በዚህስ እስማማለሁ፤ ግን እንዳሉት ቀላል አይደለም። በጀርመን ባቫሪያና ባደን-ቩርተምበርግ የተባሉት ክፍለ ግዛቶች ተራውን አይገቡበትም፤ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ መሄድ ይወዳሉ። የሚመቸውን ሳምንት የያዘ ወገን አይለቅም። አንዱ ልጅ በዚህ ቀጠና፣ ሌላው በዚያ የሚማርበት ቤትስ? እናትና አባት በተለያየ ቀጠና የሚሠሩበትስ?

ጡረተኛ የታሪክ መምህር፦ ጥቂት ቤተሰብ ይቸገራል። ዛሬ የሚቸገረው ሁሉም ነው።

የሕግ ባለሙያ፦ የቀን መቁጠሪያው እስኪለወጥ ድረስ ግን ያለው ደንብ ይሠራል። እዚያው ባቫሪያ እ.ኤ.አ. በ2018 ፖሊስ ከዕረፍቱ ቀን በፊት በአውሮፕላን ማረፊያ ልጆቻቸውን ይዘው የሚሄዱ ቤተሰቦችን እየጠየቀ ሪፖርት አድርጓል።

የሁለት ልጆች እናት፦ ፖሊስ! ባልዲና አካፋ የያዘ የሰባት ዓመት ልጅ ፊት!

የሦስት ልጆች አባት፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሆቴል ሠራተኛዋን ነገር ሳነብ ስለ ዋጋው እንጂ ስለ ውኃው አንድ ጊዜ እንኳን እንዳልጠየቅሁ ገባኝ። ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረን ሐሳቡን ቀየርነው። ትምህርት በተዘጋበት የመጨረሻ ሳምንት፣ ብዙው ቤተሰብ ለትምህርት ዝግጅት ወደ ቤቱ ሲመለስ እንሄዳለን፤ ፀሐይዋ ብትለዝብም ባሕር ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም። አራቱን ሌሊት ወደ ሦስት ዝቅ አድርገነዋል፣ ማደሪያውም ከዳርቻው ትንሽ ራቅ ያለ ይሆናል። ልጆቹ አንድም ቀን አይቀሩም። መብቴ ነው የሚለው ክርክሬ ግን እንዳለ ነው፤ መምህርት አሸነፍኩ እንዳይሉ።

መምህርት፦ አላልኩም።

የሦስት ልጆች አባት፦ እህቴ፣ በዚያ ሳምንት ነፍስ አዳኞቹ ገና አሉ?

የባሕር ዳርቻ ሆቴል ሠራተኛ፦ በየከተማው ይለያያል። አልጋ ከመያዝዎ በፊት ለማዘጋጃ ቤቱ ደውለው የሚነሡበትን ቀን ይጠይቁ። እኛ ዘንድ እሑድ ማታ ይሄዳሉ፤ ሰኞ ጠዋት የሚመጣው እንግዳ ማማውን አይቶ ሰው ያለበት ይመስለዋል።