ማሴይ 35 ትራክተር ባትሪ አልሞላ አለኝ፣ ዲናሞ (ባትሪውን የሚሞላው) ነው ሬጉሌተር (ቻርጁን የሚቆጣጠረው)? በአላህ ፍጠኑልኝ

ባለማሴይ ከሮቢት፦
ሰላም ናችሁ ወገኖች። የአባቴ ማሴይ 35 ሜዳ ላይ ቆሞብኛል፣ ባለ 3 ሲሊንደር ናፍጣ ነው። ዝናቡ ጥሏል መሬቱ እርጥበት ይዟል ሰው ሁሉ ማሽላ ልዝራ ብሎ ተሻምቷል ወረፋ የያዙት ደጄ ላይ ናቸው። ሰው ቤት ቻርጅ አድርጌ ሳድር ጠዋት አንደኛ ይነሳል፣ ከሰዓት አጥፍቼ ላስነሳ ስል ሞተሪኖው ጠቅ ብሎ ዝም። ባትሪው አዲስ ነው፣ ሻጩ የሞተ ባትሪ ነው የሸጠልኝ መሰለኝ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቀይ መብራትም አይጠፋም። ምን ላድርግ?

ናፍጣ ናፍጣ፦
ባትሪ ቀይር

ባለማሴይ ከሮቢት፦
አዲስ ነው አልኩ እኮ ወንድሜ

ሐይቅ ዳር፦
አብሽር። ቁልቁለት ላይ አቁመህ እደር፣ ጠዋት በ3 ማርሽ ለቀቅ ነው። ናፍጣ ሞተር አንዴ ከተነሳ በኋላ ባትሪ አይፈልግም።

የሜዳው ልጅ ቆቦ፦
@ሐይቅ ዳር ወላሂ ሮቢትን አይተሃት አታውቅም። እዚህ ቁልቁለት ፍለጋ ወልድያ ድረስ መንዳት ሊኖርበት ነው 😂
ለጠያቂው፣ እኔ የማውቀው ቀላል መፈተኛ ልንገርህ። ሞተሩ እየሰራ የባትሪውን ገመድ ንቀለው፣ ከጠፋ ዲናሞህ አይሰራም፣ ካልጠፋ ይሰራል።

የድሮ መካኒክ ደሴ፦
ኧረ ተው ልጄ እንዲህ ያለ ነገር አትምከር። እሱ የቤንዚን መኪና ወሬ ነው። ይሄ ናፍጣ ነው፣ ፓምፑ የሚሰራው በሞተሩ ዙር ስለሆነ ዲናሞውንም ባትሪውንም አውጥተህ ብትጥላቸው ነዳጁን እስክትዘጋበት ይዞራል፣ ምንም አይነግርህም። አልተርኔተር (በዲናሞ ፋንታ የሚገጠመው አዲሱ ባትሪ ሞይ) የተገጠመለት ላይ ደግሞ ውስጡ ያለውን ዳዮድ ታቃጥልበታለህ።
አሁን ወደ ጠያቂው ልምጣ። አንተ ባትሪውን ጥፋተኛ አድርገህ ነው የጀመርከው፣ እኔ አልስማማም። ባትሪ ጎተራ ነው፣ እህል አያበቅልም፣ ያስገቡበትን ነው የሚሰጥህ። ቀዩ መብራት የተቀመጠው በዲናሞውና በባትሪው መሀል ነው፣ የሁለቱ ቮልት እኩል ሲሆን ይጠፋል። ካልጠፋ ዲናሞው በኩል ነው ነገሩ፣ ሻጩን ለቀቅ አድርገው። መጀመሪያ ቺንጊያውን በአውራ ጣትህ ጫን በለው፣ ከ2 ሳንቲሜትር በላይ ከገባ ላልቷል። እነዚህን ማሽኖች ሰው ይንቃቸዋል እንጂ በፈረንጆቹ 1964 ማሴይ 135 መጥቶ እስኪተካው ድረስ 35 ስንቱን መሬት ገልብጧል፣ ከሱ በፊት የነበረው ግራጫው ፈርጉሰንም ዛሬ ድረስ የሚያርስ አለ። በስርዓት ከያዝከው ለልጅህ ይተርፋል።

ናፍጣ ናፍጣ፦
እኔም እንዲህ ሆኖብኝ ባትሪ ስቀይር ተወኝ። ባትሪ ቀይር

ባለማሴይ ከሮቢት፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ቺንጊያው ጠበቅ ያለ ነው አሁን አየሁት። መብራቱ ግን ጋዝ ስሰጠው ጭራሽ ቦግ ይላል። ሬጉሌተር ልግዛ?

ጋራዥ ኮምቦልቻ፦
ቆይ አትግዛ! ጋዝ ስትሰጠው ይደምቃል ያልከው ነገር ከባትሪው አተሳሰር ጋር የተያያዘ ነው። አንድ ነገር ንገረኝ፣ ከባትሪው የትኛው ጫፍ ነው ቦዲ ላይ የታሰረው? ድሮስ እንዲሁ ነበር?

ባለማሴይ ከሮቢት፦
ድሮ ፖዘቲቩ ነበር ቦዲ ላይ የነበረው። አዲሱን የገጠመልኝ ልጅ ሁሉም መኪና ኔጋቲቭ ነው ቦዲው ብሎ ገልብጦ አሰረው። ደህና ተነሳ እኮ፣ ችግር አለው?

ጋራዥ ኮምቦልቻ፦
አለው እንጂ! ሞተሪኖው በየትኛውም ቢታሰር ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚዞር ደህና መሰለህ። ዲናሞው ግን ውስጡ በቀረችው ማግኔት ነው የሚጀምረው፣ ያችን ማግኔት ማንም አልገለበጣትም። ባትሪህ ወደዚህ እሱ ወደዚያ ማለት ነው፣ ለዛ ነው መብራቱ የሁለቱን ቮልት ተሸክሞ ቦግ የሚለው። በዚህ ሁኔታ እንዳታርስበት፣ ሬጉሌተሩን ታቃጥለዋለህ።
ለማረጋገጥ ሞተሩን አጥፋና ከዲናሞው ላይ ሁለቱንም ሽቦ ፍታ፣ ወፍራሙ ዲ ነው ቀጭኑ ኤፍ። የዲናሞውን ሁለት ቡሎኖች በአጭር ሽቦ እርስ በርስ አገናኛቸው። ቴስተሩን ዲሲ ላይ አድርግ፣ ቀዩን ጫፍ እዛ ሽቦ ላይ ጥቁሩን ቦዲው ላይ። አስነሳና ጋዙን ቀስ እያልክ ስጥ፣ 20 ቮልት ሲጠጋ አቁም ከዛ በላይ እንዳታሳልፈው። ከፍ እያለ ከሄደ ዲናሞው ጤነኛ ነው። ምንም ካላሳየ ካርቦኖቹን እይ፣ 1 ቮልት አካባቢ ከቀረ ፊልድ ኮይሉ (የማይዞረው ጥቅል) ነው፣ የባትሪው ቮልት ግማሽ ላይ ከቆመ የሚዞረው ጥቅል ነው።

የሜዳው ልጅ ቆቦ፦
እህቴ ማሻአላህ። እኔ ደግሞ የዳሽቦርዱ አምፖል ከተቃጠለ ቻርጅ አያደርግም ሲባል ሰምቼ ነበር

ጋራዥ ኮምቦልቻ፦
እሱ አልተርኔተር ላይ ነው ወንድሜ፣ ብዙው አልተርኔተር መነሻውን በአምፖሉ በኩል ነው የሚያገኘው። ዲናሞ ያለ አምፖልም ይሞላል።

ባለማሴይ ከሮቢት፦
ቴስተር ከጎረቤት አገኘሁ። 18 ደርሶ አቆምኩት ግን ከቁጥሩ ፊት የሰረዝ ምልክት አለ

ጋራዥ ኮምቦልቻ፦
በቃ ተገኘ! ሰረዙ ማለት ተገልብጧል ማለት ነው፣ ዲናሞህ ጤነኛ ነው አትንካው። አሁን ባትሪውን ፍታና የሬጉሌተሩን ክዳን ክፈት። ካትአውቱ (ሞተር ሲጠፋ ዲናሞውን ከባትሪው የሚለየው) ላይ ያሉት ነጥቦች ሞተር ጠፍቶ መነካካት የለባቸውም። ተጣብቀው ካገኘሃቸው ባትሪው ከሰዓት የሚያልቀው በዚያ ነው፣ ስታጠፋው በዲናሞው በኩል ይፈሳል። አላቅቃቸውና በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ጥረጋቸው። በጣም ከተበሉ ያኔ ሬጉሌተር ትገዛለህ።

የድሮ መካኒክ ደሴ፦
ልጅቷ ልክ ናት። ባትሪውን እንደ ጥንቱ ፖዘቲቩን ቦዲ ላይ መልሰህ እሰር፣ አለቀ።

ጋራዥ ኮምቦልቻ፦
ጋሼ እሱም ይሆናል፣ እኔ ግን ኔጋቲቭ ላይ ቢቀር ይሻላል እላለሁ፣ ነገ ሌላ ሰው መጥቶ ደግሞ ይገለብጠዋል። ዲናሞውን ማስተካከል ሁለት ደቂቃ ነው፣ ባትሪውን እሰር፣ የኤፍን ሽቦ ከዲናሞው ፍታ፣ ከባትሪው ፖዘቲቭ በሽቦ አምጥተህ የዲናሞውን ኤፍ ነካ ነካ አድርገህ ልቀቅ። ትንሽ ብልጭታ ማየት አለብህ። ብልጭታው ዲናሞው ጋ ይሁን፣ ባትሪው ጋ እንዳይሆን፣ ከባትሪ የሚወጣው ጋዝ ይፈነዳል።

የድሮ መካኒክ ደሴ፦
ማሽኑ የተሰራው በፖዘቲቭ ነው፣ አምፔር መቁጠሪያም ካለው በግልባጭ ያነብበታል። እኔ ብሆን እንደተሰራው አደርገዋለሁ።

ጋራዥ ኮምቦልቻ፦
ባለማሴይ አንዱን ምረጥ፣ ሁለቱንም ግን እንዳታደርግ፣ እዛው ነው የምትመለሰው። ስትጨርስ ሽቦዎቹን ወደ ቦታቸው መልስና አስነስተህ ባትሪው ላይ ለካ፣ ሚኒሞ ላይ ሳይሆን መካከለኛ ጋዝ ላይ፣ ዲናሞ በዝቅተኛ ዙር ብዙ አይሰጥም። ከ13.8 እስከ 14.4 ካገኘህ እረስ።

ናፍጣ ናፍጣ፦
ባትሪው በዚህ ሁሉ ተጎድቶ ይሆናል፣ ባትሪ ቀይር

ሐይቅ ዳር፦
ኧረ ይሄ ሰውዬ ባትሪ ሻጭ ነው እንዴ

የሜዳው ልጅ ቆቦ፦
@ባለማሴይ ምን ሆነ? ካልተሳካልህ ነገ ወደ ጎብዬ ስወርድ በሮቢት አልፋለሁ፣ ስልክህን በውስጥ ላክልኝ

ከሚሴ፦
እኔም ትራክተሬ ባትሪ አይሞላም፣ አልተርኔተር ነው የተገጠመለት። በሽቦ ነካ ነካ ያላችሁትን ልሞክረው?

ጋራዥ ኮምቦልቻ፦
በፍጹም! እሱ ለዲናሞ ብቻ ነው። አልተርኔተር ላይ እንዲህ ከነካካህ ውስጡን ታቃጥላለህ። ያንተ መብራት ቁልፍ ስትከፍት ይበራል? መጀመሪያ እሱን ንገረኝ።