የወተት ፋብሪካ ፍሳሽ ሜምብሬኑን ዘጋብኝ፤ እጥበቱ በየቱ ይጀመር?

የማርቆሷ ኦፕሬተር፦
ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ማርቆስ አካባቢ ባለች አነስተኛ የወተት ማቀነባበሪያ የፍሳሽ ማጣሪያውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ፍሳሹ ቅባቱን ገንዳ ላይ ጥሎ፣ ባክቴሪያ ባለበት አየር የሚነፋበት ገንዳና በማዝቀጫው አልፎ፣ መጨረሻ ላይ አልትራፊልትሬሽን ሜምብሬን ውስጥ (በጥቃቅን ቀዳዳ የሚያጣራው ስስ ወንፊት) ይገባል። ቀዳዳው 0.03 ማይክሮን ነው፤ ውስጡ እንደ ቀጫጭን መኮሮኒ ክር ክር ያለ። ጥር ላይ በሰዓት 6 ሜትር ኩብ ያወጣልኝ ነበር፤ የግፊት ልዩነቱም 0.4 ባር። ሁዳዴ ከገባ ወዲህ 2 ሜትር ኩብ እንኳ በመከራ ነው። ጌጁ 1.6 ባር ላይ ቆሟል፣ ፓምፑ ያቃስታል።

በየሁለት ቀኑ አጥባለሁ፤ መጀመሪያ በናይትሪክ አሲድ፣ ቀጥሎ በኮስቲክ ሶዳ፣ ሁሉንም በቧንቧ ውሃ። ግማሽ ቀን ይሻለዋል፤ የማታው ሽፍት ሲገባ ያው ነው። ትናንት ጫፉን ፈትቼ ጣቴን ሳስገባ ነጭ፣ የሚያሙለጨልጭ፣ ቅቤ ነው እንዳልል አይብ፣ አይብ ነው እንዳልል ቅቤ የሆነ ነገር ተከትሎኝ ወጣ።

አለቃዬ "ባይፓሱን ክፈችውና ይሂድ" ይለኛል፤ ሜምብሬኑን ዘሎ ሳይጣራ ወደ ወንዙ ይውረድ ማለቱ ነው። ቫልቩ ያለው እኔ እጅ ላይ ነው። ከታች ያለው ወንዝ ግን ከብት የሚጠጣበት፣ ልጆች ጀሪካን ይዘው የሚወርዱበት ነው። አልከፍተውም። በረኪና ልጨምርበት? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ጨርቃ ጨርቅ ባሕር ዳር፦
በረኪናውን አደራ! መጀመሪያ ሜምብሬኑ ከምን እንደተሠራ መመሪያው ላይ እይ። ፒቪዲኤፍ የሚባለው ፕላስቲክ ከሆነ ክሎሪን (በረኪናው ውስጥ ያለውን) ይችላል። ለሪቨርስ ኦስሞሲስ (ጨው ሳይቀር ለሚያስቀረው ይበልጥ ጠባብ ማጣሪያ) የሚሆነው የፖሊአማይድ ፕላስቲክ ዓይነት ግን በክሎሪን ያልቅለታል፣ ተመልሶም አይድንም። ደግሞ አሲዱ በደንብ ሳይለቀለቅ በረኪና እንዳታስገቢ፤ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ነው፣ ሳንባ ይጨርሳል።

የድሮ ጥገና፦
እህቴ፣ ቫልቩን ባለመክፈትሽ እግዜር ይስጥሽ። ችግርሽ የገባኝ ከጣትሽ ላይ ነው።

ወተት ላይ ሎሚ ሲጨመር ምን ይሆናል? ይቋጠራል። ኬዚን የሚባለው የወተት ፕሮቲን ፒኤቹ (የአሲድነት ልኩ፤ ሲወርድ ይኮመጥጣል) ወደ 4.6 ሲወርድ ይረጋል። አሲዱን ስታስቀድሚ ሜምብሬኑ ላይ የተለጠፈውን ፕሮቲን እዚያው አይብ እያደረግሽው ነው። ቀጥሎ የምትልኪው ኮስቲክ የሚያገኘው የጠነከረውን ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገልብጪው፤ ኮስቲኩ ይቅደም፣ ፕሮቲኑንና ቅባቱን ያንሳ። በንጹሕ ውሃ ለቅልቂ። አሲዱ ኋላ ይግባና የካልሲየሙን ቅርፊት ያሟሟ። ኮስቲኩን ፒኤች 11 ገደማ ላይ ያዢው፤ ፒቪዲኤፍ ከዚያ የበረታ አይወድም። ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይዙር፣ ግፊቱ ዝቅ ይበል፤ ግፊት ካበዛሽ ቆሻሻውን ወደ ቀዳዳው ትጠቀጥቂዋለሽ።

ውሃው ደግሞ ለብ ይበል፣ ወደ 40 ዲግሪ። ቅቤ የነካው ዕቃ በማርቆስ የጠዋት ውሃ ይጠራል እንዴ? ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናችሁ እኮ። ሜምብሬኑ የሚችለውን ሙቀት ግን ከመመሪያው አረጋግጪ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። "ሁዳዴ ከገባ ወዲህ" ያልሽው ነገር አላስተኛኝም። 55 ቀን ሙሉ ወተት ጠጪ ሲጠፋ ፋብሪካችሁ ወተቱን ወደ ቅቤና አይብ አዙሮት አይደለም? አጓቱስ የት ይሄዳል? አንድ ኪሎ አይብ ሲወጣ 9 ሊትር ገደማ አጓት ይተርፋል። የአጓት ኬሚካላዊ የኦክስጅን ፍላጎት፣ ማለትም ቆሻሻው ተቃጥሎ እንዲያልቅ የሚፈጀው ኦክስጅን፣ በሊትር ከ50,000 ሚሊግራም ያልፋል፤ የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ 500 ገደማ ነው። ያ ሁሉ ገንዳሽ ውስጥ ሲገባ ባክቴሪያዎቹ አየር ያጥራቸዋል፣ ውሃው ይኮመጥጣል፣ ያልተበላው ፕሮቲን ሁሉ ሜምብሬኑ ላይ ይከመራል። እንዲህ ከሆነ የቱንም ያህል ብታጥቢ አትደርሺበትም። እናቴ ቢቸና ላይ አጓት ስትደፋ አይቼ አላውቅም፤ ለጥጃ ነበር። አጓቱ ከቦዩ ይውጣ!

የማርቆሷ ኦፕሬተር (ከስምንት ቀን በኋላ)፦
ጋሼ፣ እንዳሉት ነው። አይብ ክፍል ሄጄ ወለሉን ሳይ የአጓቱ ቱቦ በቀጥታ ቦዩ ውስጥ ተሰክቷል። ሁለት ዓመት ስሠራ አንድ ቀን እንኳ ወደዚያ ክፍል አልገባሁም፤ ይህ እስካሁን ያንገበግበኛል።

እጥበቱን በለብ ውሃና በኮስቲክ ጀመርኩት። የመጀመሪያው ዙር የወጣው ልክ የሩዝ ውሃ ይመስላል፤ ለቅልቄ ደገምኩት። ሦስተኛው ላይ ጠራ። ከዚያ አሲዱን። ጌጁ 0.6 ባር ላይ ወርዷል፣ በሰዓት 5 ሜትር ኩብ እያገኘሁ ነው። አለቃዬም መጥቶ ጌጁን አየና ስለ ባይፓሱ ዳግም አላነሳም። የአየር ገንዳው ሽታም ቀንሷል፤ አረፋው ግን ገና ነው።

አጓቱን በሰማያዊ በርሜል መያዝ ጀምረናል። ከብት ያላቸው ጎረቤቶች ጀሪካን ይዘው ይመጣሉ። ግን ቅዳሜና እሑድ ሰው ስለሚቀር ይተርፋል። ስንት ቀን ይቆይልኛል?

የድሮ ጥገና፦
በዕለቱ ይሂድ፤ ካደረ ይኮመጥጣል። ለጥጃም በአንዴ ብዙ አይሰጥ፣ ሆዱን ያስቀምጠዋል። የቅዳሜውን ከቦዩ የምታድኚው የአይብ ሥራው ቅዳሜ እንዳይሠራ አለቃሽን ስታሳምኚው ነው። ለአረፋው ግን የገንዳውን ፒኤች ለክተሽ ጻፊልኝ።