ዊ ዩ ላይ ፊፋ ለምን 13 ላይ ቆመ?

ጠያቂ፦ ሰላም ወገን። ጅማ ሄርማታ አካባቢ ትንሽ ጌም ቤት አለችኝ። እህቴ ከውጭ ስትመጣ ዊ ዩ የሚባለውን የኒንቴንዶ ጌም ማሽን ይዛልኝ መጣች። ልጆቹ ስክሪን ያለውን ጆይስቲክ ሲያዩ ተሻሙበት። የኳስ ጌሙን፣ ፊፋ 14ን ብፈልግ ግን ለዚህ ማሽን የለም፤ ያለው 13 ብቻ። ትናንት አንዱ «ጋሼ፣ እምባፔ የታለ?» ብሎ አፋጠጠኝ። ምክንያቱን የሚያውቅ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ነገሩ ሂሳብ ነው። ዊ ዩ እ.ኤ.አ. በ2012 ወጥቶ በጠቅላላው የተሸጠው 13.5 ሚሊዮን ገደማ ነው። ፕሌስቴሽን 4 ከ100 ሚሊዮን አልፏል። ጌም ሰሪው ለእያንዳንዱ ማሽን ለብቻው አስተካክሎ፣ ፈትሾ፣ ለማሽኑ ባለቤትም ድርሻ ከፍሎ ነው የሚሸጠው። ገዢ ከሌለ ማን ይለፋል? ጌም ከሌለስ ማሽኑን ማን ይገዛል?

ሌላ መልስ፦ ገበያ ብቻ እንኳ አይደለም፤ የማሽኑ አሠራርም ጌም ሰሪን ያርቃል። የድሮውን እይ፦ ኒንቴንዶ 64 በ1996 ሲወጣ ጌሙ በካርትሪጅ (ማሽኑ ላይ በሚሰካ ቺፕ ያለው ፕላስቲክ) ነበር፤ ትልቁ 64 ሜጋባይት። የሶኒ ፕሌስቴሽን የሚጠቀምበት ሲዲ ግን 650 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፣ ለማተምም ርካሽ ነው። የጃፓኑ ጌም ሰሪ ስኩዌር ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ሶኒ ሄደ። ጌሙ ፋይናል ፋንታሲ 7 በ1997 ለፕሌስቴሽን በ3 ሲዲ ወጣ።

ጠያቂ፦ ገባኝ፣ ተባረኩ። በቃ 13ን በግማሽ ዋጋ አጫውታለሁ። ሜሲ እንደሆነ እዚያ ጌም ላይ ባርሳ አለ።