የወንድሜ ውርስ አጣሪ ሆኛለሁ፤ ቤተሰብ ገንዘቡን አሁኑኑ ላኪ ይላል

የቢቸናዋ
ሰላም ለሁላችሁ። ወንድሜ ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነበር የሚኖረው፤ በድንገት አረፈ። ሚስትም ልጅም የለውም። ኑዛዜም አልተወም። አባታችን ቀድሞ ሞቷል፤ እናታችን ቢቸና አለች። የውርሱ አስተዳዳሪ ተደርጌ ወረቀቱ በስሜ ወጥቷል። አጎታችን በየቀኑ ይደውላል። «ተዝካሩ ደርሷል፤ በሬ መግዛት አለ፤ ካህናቱን መጥራት አለ። ገንዘቡ በእጅሽ ነው፤ ምን ትጠብቂያለሽ?» ይለኛል። ወንድሞቼም ድርሻችንን እያሉ ነው። ከባንኩ አውጥቼ መላክ እችላለሁ? ለእናቴስ በምን መንገድ ይድረሳት?

የሞጣው
እታለም፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። የአክስቴን ልጅ ውርስ እዚሁ ሜሪላንድ ያጣራሁት እኔ ነኝ። ከባንኩ አሁን እንዳትነኪ።

ወረቀቱ የተሰጠሽ ጠባቂ እንድትሆኚ ነው። በውርሱ ስም ለብቻው ሂሳብ ክፈቺ፤ ከራስሽ ብር ጋር አይደባለቅ። በተሾምሽ በ3 ወር ውስጥ ንብረቱን ከነግምቱ ዘርዝረሽ ለሬጅስተር ኦፍ ዊልስ፣ ማለትም ውርስ ለሚመዘግበው የካውንቲው መሥሪያ ቤት፣ ታስገቢያለሽ። የእናንተው ሮክቪል ነው። በ9 ወር ውስጥ ደግሞ የመጀመሪያው ሂሳብ ይቀርባል። የገባው፣ የወጣው፣ ለማን እንደወጣ፣ ሁሉም በማስረጃ።

ዋናው ነገር ዕዳው ነው። ሆስፒታልም ሆነ ክሬዲት ካርድ፣ አበዳሪ ሁሉ በጥቅሉ ከሞተበት ቀን አንስቶ እስከ 6 ወር ድረስ መጠየቅ ይችላል። አስቀድመሽ ካከፋፈልሽና ለዕዳው ካነሰ፣ ከራስሽ ኪስ ትከፍያለሽ። ፍርድ ቤቱም ሊሽርሽ ይችላል። አጎትሽ ይህን ስለማያውቁ አልፈርድባቸውም። አንቺ ግን ፈርመሻል። ደግሞ ፎር ኦ ዋን ኬ፣ ማለትም በሥራ ቦታው በኩል ያጠራቀመው የጡረታ ቁጠባ፣ ካለው ተቀባይ ብሎ ያስመዘገበውን ሰው እዪ። እሱ ገንዘብ በቀጥታ ለዚያ ሰው ነው የሚሄደው፤ ውርሱ ውስጥ አይገባም።

ወለተ ማርያም
እህቴ፣ ሐዘንሽ ሐዘኔ ነው። እኔ አባቴ ደብረ ማርቆስ ሲያርፍ ወረቀቴ ስላላለቀ አልሄድኩም። ለቅሶውን በስልክ ነው የሰማሁት። ከዚያ ወዲህ ሐዘኔን የሚለኩት በምልከው ብር ይመስለኛል። ስልክ በጮኸ ቁጥር እደነግጣለሁ። ለተዝካሩ የቻልሽውን ከራስሽ ላኪ። ያልቻልሽውን አልቻልኩም በይ። እናትሽን ግን ራስሽ ደውለሽ አናግሪያት፤ በአጎትሽ በኩል አይሁን።

የደጀን ልጅ
ወንድሞቿስ? በአገራችን የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጅ የሌለው ሰው ሲሞት ግማሹ ለእናት፣ ግማሹ ለአባት ነው። አባት ከሌለ የአባት ድርሻ ለልጆቹ ይወርዳል። ድርሻ አላቸው ማለት ነው። ስስታም አታድርጓቸው።

የሞጣው
ስስታም ያለ የለም። ኑሮው ሜሪላንድ ነበር፤ ባንኩም እዚያ ነው። ስለዚህ የሚሠራው የሜሪላንድ ሕግ ነው። እዚያ ሚስትና ልጅ ከሌለ፣ ከወላጅ በሕይወት ያለችው እናት ሁሉንም ትወስዳለች። ወንድምና እህት ምንም የላቸውም። አስተዳዳሪዋም ራሷ እህት ሆና አይደርሳትም። አዝና ለወንድሞቿ ከሰጠች ለእናትየው ተጠያቂ ናት። እናት ደርሷት በፈቃዷ ብታካፍል ሌላ ነገር ነው።

የደጀን ልጅ
በፈቃዷ? እዚያ ወንድሞቿና ልጆቿ ከበዋት? «ፈርሚ» ቢሏት እምቢ የምትል የጎጃም እናት አሳየኝ። ከመጀመሪያው ተስማምተው ቢካፈሉ ይሻላል።

የቢቸናዋ
አመሰግናለሁ። የተዝካሩን ከደመወዜ ልኬያለሁ። ግን አንድ ያልነገርኳችሁ አለ። ቢቸና ከተማ ውስጥ ወንድሜ የሠራው ቤት አለ። ኪራዩን አጎቴ ነው የሚሰበስበው።

የደጀን ልጅ
ይኸው! እሱ ቤት በኢትዮጵያ ሕግ ነው የሚታየው። እዚያ ወንድሞችሽም አንቺም ድርሻ አላችሁ። ወረዳ ፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ አውጡ፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 996 ነው። የማይገባው ሰው የውርስ ንብረት ከያዘ ደግሞ መብታችሁንና መያዙን ካወቃችሁበት ጀምሮ ያለው ጊዜ 3 ዓመት ነው። አትዘግዩ።

ወለተ ማርያም
በአጎቷ ላይ ክሰሺ እያልካት ነው? በዚህ ሐዘን?

የደጀን ልጅ
ክሰሺ አላልኩም። ሂሳብ ይቅረብ ነው ያልኩት። እሷ ለእያንዳንዱ ሳንቲም ፍርድ ቤት እየቆመች፣ እሳቸው የሟች ቤት ኪራይ ሰብስበው ለማንም ሳይናገሩ «ላኪ» ሊሏት አይገባም።

የሞጣው
በዚህስ እስማማለሁ። ግን መጀመሪያ ሽማግሌ ይግባ። እናትየው እዚያው ከእሳቸው ጋር ነው የምትኖረው።

የደጀን ልጅ
ሽማግሌው የአጎቷ ጓደኛ ከሆነስ?